በኪሎ ሜትር የተለካ ሐሳብ

በደርግ ዘመን ማስታወቂያ እሠራ ነበር ስል ሰው ይስቅብኛል። ሁሉም ነገር በቀበሌ ሱቅ እየተመዘነ በሚታደልበት ጊዜ ምኑ ይተዋወቃል ነው ነገሩ። አልፈርድባቸውም። ስኳር ማስታወቂያ አያስፈልገውም ነበር፤ ሰልፍ ነበረው። ወደ እኛ የሚላከው ሰልፍ ያጣው ዕቃ ነው፤ ፋብሪካው በዕቅዱ መሠረት ያመረተውና ሕዝቡ ዞር ብሎ ያላየው። በዕቅድ የተመረተ ነገር በዕቅድ መሸጥ አለበት ተብሎ አንድ የመንግሥት የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ እኔም እዚያ ተቀጠርኩ።

ቢሯችን ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ አንድ የጣልያን ጊዜ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ምድር ቤቱ የሠዓሊው ነው። ትልልቁ የቆርቆሮ ሰሌዳ እዚያ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ተጭኖ ይወጣል። የቀለሙ ሽታ ደረጃውን ወጥቶ፣ የታይፒስቷን ክፍል አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል። የቢሮዬ በር ላይ «የማስታወቂያ ዕቅድ ክፍል» የሚል ተለጥፏል። ክፍል ይባል እንጂ ክፍሉ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሥራዬን ለማስረዳት ያኔም እቸገር ነበር፣ ዛሬም እቸገራለሁ። አንድ ማስታወቂያ ከመቀባቱ ወይም በሬዲዮ ከመነበቡ በፊት ለማን ነው የምንናገረው፣ የት፣ መቼ፣ ምን ብለን የሚለውን የምወስነው እኔ ነኝ። ይህን ለመወሰን ደግሞ መቀመጥ አለብኝ። ቢሮ ውስጥ ማለቴ አይደለም። ዕቃው የሚሸጥበት ቦታ ሄጄ፣ ጥግ ይዤ፣ ገዢው ምን ብሎ እንደሚጠይቅና ምን ሲባል ፊቱን እንደሚያጨፈግግ እስካውቅ ድረስ እቀመጣለሁ።

አንድ ጊዜ አዲስ የሻይ ቅጠል አልሸጥ ብሎ ተላከልን። ፋብሪካው «ጥራቱ የተረጋገጠ» ተብሎ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። እኔ አትክልት ተራ ጫፍ ላይ ተሸካሞች ሻይ የሚጠጡበት አንድ ጠባብ ቤት ገብቼ ሁለት ጠዋት ተቀመጥኩ። ተሸካሞቹ ብርጭቆውን ከመጎንጨታቸው በፊት ወደ በሩ ብርሃን ያነሱታል። ቀለሙ ካልደመቀ ባለቤቷን «እቱ፣ ይሄን ደግሞ ለሕመምተኛ ስጪው» ይሏታል። ጥራት የሚባለው ነገር እነሱ ዘንድ ቀለም ነው። ቢሮ ተመልሼ ለሠዓሊው ሦስት ቃል ነገርኳቸው፦ «ቀለሙን አይታችሁ ቅዱ።» እሳቸው ወደ ብርሃን የተነሳ ብርጭቆ ቀቡ። ሻዩ ተሸጠ። በስብሰባ ፋብሪካው ተመሰገነ፣ ሠዓሊው ተመሰገኑ፣ ሰሌዳዎቹን ያደረሰው ሾፌር እንኳ ተጨበጨበለት። እኔ ሁለት ቀን ሻይ ስጠጣ የታየሁ ሰው ነበርኩ።

ሠዓሊውን ላስተዋውቅ። ከሰሜን በወጣትነታቸው የመጡ፣ ቤታቸው ውስጥ ትግርኛ የሚናገሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይሥሉ ነበር። የመላእክት ክንፍ ሲቀባ የኖረ እጅ የሳሙና አረፋ መቀባት አልከበደውም። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን፤ እሳቸው እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ወረቀት አንጽፍም ነበር። ያሰብኩትን ይዤ እወርድና የተደፋ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጬ በቃል እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ብሩሻቸውን እየጠረጉ ሰምተው «ገብቶኛል» ይላሉ። ከላይ የሚመጣው የሥራ ማዘዣ የዕቃውን ስም፣ የሰሌዳውን ብዛትና መጠን ብቻ የያዘ ነው።

ከዚያ ኖርም መጣ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ የቀን ሥራ በቁጥር ይወሰን ተባለ፤ ይህንንም እንዲያስፈጽም ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንድ ጓድ ተዛወረልን። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ቀና ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደተሸመነ ሲቆጥር የኖረ በመሆኑ ሰው ሁሉ ማታ ላይ የሚቆጠር ነገር ይዞ የሚወጣ ይመስለዋል። ሦስት ዓምድ ያለው ቅጽ አደለን፦ የሥራው ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት። ታይፒስቷ ገጽ ሞላች። ሠዓሊው ካሬ ሜትር፣ ሾፌሩ ኪሎ ሜትር፣ ዘበኛው ሰዓት። እኔ «ማሰብ» ብዬ ጻፍኩና የቀሩትን ሁለት ዓምዶች ባዶ ተውኳቸው።

በማግስቱ ቅጹን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ።

«ጓዲት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥራዬ ነዋ።»

«ማሰብማ ሁላችንም እናስባለን። እኔም ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ አስባለሁ። ቅጽ ላይ ግን አልሞላውም።»

ስለ ሻይ ቅጠሉ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። «ጥሩ፣ በቀን ስንት እንዲህ ያለ ሐሳብ ታስቢያለሽ?» አለኝ። አንዳንዱ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ አንዳንዱም ጨርሶ እንደማይመጣ ነገርኩት። «የማይመጣ ቀን ምን ይሞላል?» አለ። ምንም አልኩት። «ችግሩ እሱ ነው» ብሎ መመሪያውን አነበበልኝ። መለኪያ የሌለው የሥራ መደብ ከሩብ ዓመቱ በኋላ ይታጠፋል፤ ሠራተኛውም ሠራተኛ ወደሚፈለግበት ቅርንጫፍ ይዛወራል። በእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚፈለግበት ቅርንጫፍ አንድ ብቻ ነበር፣ አሰብ። እኔ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበር የምንኖረው፤ እሷ ደግሞ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል።

አንድ ወር ሙሉ ተነታረክን። በገጽ ይሁን አለ፤ ሦስት ቃል ስንት ገጽ ይሞላል አልኩት። በሰዓት ይሁን አለ፤ እሱ የዘበኛው ነው፣ አንቺ ስትቀመጪና ስታስቢ በምን ይለያል ብሎ ራሱ መልሶ ተወው። እውነቱን ለመናገር፣ ከውጭ ለሚያየኝ ሰው እየሠራሁ ያለሁበት ሰዓትና ያልሠራሁበት ሰዓት አንድ መልክ ነበራቸው።

እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ ስናደድ ቀልድ ይቀናኛል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቅጹን ሳብ አደረግሁና «መለኪያ፦ ኪሎ ሜትር፣ ብዛት፦ አራት» ብዬ ሞላሁ። ሾፌሩ ከሄደ እኔም ሄጃለሁ፣ እሱ በመኪና እኔ በእግሬ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው ለማለት ነበር። ታይፒስቷ አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕሩ ይብሳል።

ሰኞ ጠዋት ጓዱ ፊቱ በርቶ መጣ። «አሁን ተግባባን» አለኝ። ዓይኑን አየሁት፤ ቀልዱ አልደረሰውም። ሰው በእግሩ በሰዓት ስንት እንደሚሄድ አስልቶ፣ ለምሳና ለቢሮ ሥራ የሚሆነውን ቀንሶ፣ የቀን ኖርሜን ሰባት ኪሎ ሜትር አድርጎት ነበር። የደረስኩበት ቦታ ሁሉ ባለ ሱቁ ወይም የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ እንዲፈርምልኝ ሌላ ወረቀት ሠርቷል። ቀልዴን ነው ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። መደቤ መለኪያ አግኝቶ ነበር። ከአሰብ ኪሎ ሜትር ይሻላል ብዬ ፈረምኩ።

እናም መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት ከቢሮ ወደ ፒያሳ ሽቅብ፣ ከዚያ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ አራት ኪሎ፣ ሥላሴ ጋ ካለው ሱቅ አስፈርሜ መመለስ፣ ከሰዓት አትክልት ተራ፣ ከዚያ ቸርችልን ቁልቁል እስከ ለገሃር፣ ከዚያ ያንኑ ዳገት ሽቅብ። አራዳ ልጆች ሁለት ሳምንት አልፈጀባቸውም ስም ለማውጣት። «ውይይት መጣች» ይሉኛል፣ የዚያን ጊዜዋን ትንሿን ታክሲ ማለታቸው ነው፤ «አንድ ሰው የቀረው አራት ኪሎ!» ብሎ የሚጣራልኝም ነበር። ሻይ ቤቷ ያለችው ሴትዮ «እመቤት፣ ዛሬም አትቀመጪም?» ስትለኝ እየሄድኩ እጄን አውለበልብላታለሁ። ሁለት ሰዓት እዚያ ብቀመጥ የሁለት ሰዓት መንገድ ይጎድልብኛል።

መጀመሪያ ላይ እየሄድኩም አስባለሁ ብዬ ነበር። አይሆንም። የሚሄድ ሰው የሚያስበው ስለሚቀጥለው ፊርማ ነው። ሰው ሱቅ ውስጥ ሲከራከር ሰምቼ ቆም ልበል ስል ሰዓቴን አያለሁ። ማታ እግሬን በጨው ውሃ ነክሬ ስቀመጥ ቀኑን ሙሉ ያየሁት ነገር ምን እንደነበር ብጠየቅ ከባለ ሱቆቹ ፊርማ ሌላ አላስታውስም። ሆኖም በዚያ ሩብ ዓመት ኖርሜን አልፌ ተገኘሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፣ ስሜም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም፣ ደስ ብሎኛል። ስንት ዓመት ያላየኝ መሥሪያ ቤት በመጨረሻ አየኝ።

የታሸገው ቲማቲም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ፋብሪካው በብዛት አምርቶ መጋዘኑ ሞልቶበት ነበር። እንደ ወትሮው ቢሆን ለዚህ ዕቃ ቢያንስ ሁለት ጠዋት አትክልት ተራ እቀመጥ ነበር፤ ትኩስ ቲማቲም ተከምሮ በሚሸጥበት ከተማ የቆርቆሮ ቲማቲም ማን፣ መቼ፣ ለምን ይገዛል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኔ ግን የተቀመጥኩት የት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የትም። ጠዋት ወደ አራት ኪሎ ልወጣ ስል ጫማዬን እያሰርኩ ደረጃው ላይ አሰብኩት። ፒያሳ ያሉት የድሮ ጣልያን ምግብ ቤቶች ማካሮኒ በሥጋ ሲያቀርቡ ትዝ አለኝ። የጣመ ነገር እሱ ነው ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የቀለም ጣሳው ላይ እንኳ አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ ቲማቲሙ ማካሮኒ ላይ ይፍሰስ። ማካሮኒው የተፈጨ ሥጋ ይኑርበት፣ ሥጋው ጎልቶ ይታይ።»

ብሩሻቸውን መጥረግ አቆሙ። «ጓለይ፣ የሚሰቀለው መቼ ነው?»

«በየካቲት መጨረሻ።»

«እና ሥጋው…»

«ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይቀቡት። ረፍዶብኛል።»

«ገብቶኛል» አሉ። እኔም ወጣሁ። ያን ዕለት ቅጼ ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሞላሁ።

ሰሌዳዎቹ አምረው ወጡ። አሥራ ሁለት ነበሩ። ትልቁ አትክልት ተራ መግቢያ ላይ ተሰቀለ፤ ሥጋው ከመንገዱ ማዶ ይታያል፣ የሥጋው ጭማቂ ሳይቀር ያብረቀርቃል። የተሰቀለው ቅበላ አልፎ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ቀን ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። መንግሥት ስለ ጾም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ በዕቅድ ወረቀቶቻችን ላይም ጾም የሚባል ቃል ተጽፎ አያውቅም። ከተማው ግን ይጾም ነበር። በመሥሪያ ቤታችን እንኳ ሁዳዴ ሲገባ ሰው ሁሉ ጨጓራ ይጀምረው ነበር፤ ሐኪም ሥጋና ቅቤ ከልክሎኛል እያለ ሽሮ የሚያዘው ብዙ ነው። ጓዱም ጨጓራ ነበረበት። እኔም ነበረብኝ። ሃምሳ አምስት ቀን የሚጾም ከተማ ውስጥ እየጾምኩ እየዞርኩ፣ ቲማቲም ከምንም ጊዜ በላይ በሚፈለግበት በዚያ ወቅት፣ ቲማቲሙን ከሥጋ ጋር አስቀብቼ በከተማው አናት ላይ ሰቀልኩት።

ወሬው በሦስት ቀን ተዳረሰ። ቆርቆሮው ውስጥ ሥጋ አለበት ተባለ። ሥጋ እንኳ ባይኖርበት በሞራ የተሠራ ነው ተባለ። የሱቅ ሠራተኞች ፊርማ ስጠይቃቸው «ይሄ ያንቺ ቆርቆሮ የጾም አይደለም እያሉ ይመልሱታል» ሲሉኝ እንኳ ወረቀቴን ተቀብዬ አለፍኩ። አራዳ ልጆች ትልቁን ሰሌዳ «ገዳፊው» አሉት። ጾም የሚገድፍ ብቸኛው የመንግሥት ሰሌዳ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። «ገዳፊው ሥር ጠብቂኝ» ብሎ የሚቃጠር ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሰው እውነተኛ ሥጋ አገኘ፤ ቆርቆሮው ዞር ብሎ የሚያየው አጣ። አንዴ የጾም አይደለም ከተባለም ስሙ ተበላሽቷል።

ከፋሲካ በኋላ ፋብሪካው ደብዳቤ ጻፈ፣ ስብሰባም ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ፣ ጓዱ፣ ሠዓሊው፣ እኔና ሌሎች ሠራተኞች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከሰነድ እንይ አሉ። ሰነዱ ወጣ። የሥራ ማዘዣው «የታሸገ ቲማቲም፣ አሥራ ሁለት ሰሌዳ» ይላል። ስለ ሥጋ ምንም የለም። የእኔ ቅጽ ታየ፤ ሰባት ኪሎ ሜትር ከግማሽ፣ ከነፊርማው። የሠዓሊው ቅጽ ታየ፤ ካሬ ሜትሩ፣ ቀኑ፣ ስማቸው። ሥጋውን የነካ እጅ በሰነድ አንድ ብቻ ነበር።

ከተሰብሳቢው አንዱ ተነሥቶ ሠዓሊው የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መሆናቸውን አስታወሰ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ አውቀው ሥጋ መቀባታቸው የመንግሥት ምርት እንዳይሸጥ ታስቦ እንደሆነ ይጣራ አለ። አሻጥር የሚለው ቃል ተነሣ። ያን ጊዜ ያ ቃል አንዴ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ መልሶ ማስገባት ያስቸግር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ለማብረድ ብለው ይመስለኛል፣ ዕድሜያቸውን አይተን ምርመራው ይቅርና ወደ አሰብ ይዛወሩ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የሠዓሊው ባለቤት ከአልጋ አትነሣም ነበር። አሰብ ማለት እሷን ትቶ መሄድ ወይም እዚያ ሙቀት ውስጥ ወስዶ መቅበር ነው።

ሠዓሊው ተጠየቁ። «የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ። ወደ እኔ አላዩም።

እኔ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ያን ጠዋት ምድር ቤት ማንም አልነበረም፤ የተጻፈ ነገር የለም፤ እሳቸው ካልተናገሩ ማንም አያውቅም። አፌን ብከፍት የምስጋናው ወረቀት ይቀራል፣ መደቡም አብሮ ይቀራል፣ አሰብ የምሄደው እኔ እሆናለሁ፤ እናቴን ማን ይመራታል? ይህን ሁሉ ሳስብ የሻይ ዕረፍት ሆነ። ሰው ወጣ ገባ ሲል ሠዓሊው ከወንበራቸው አልተነሡም፤ ጣታቸው ላይ የደረቀ ቀለም በጥፍራቸው ይፍቃሉ። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ስብሰባው ሲቀጥል እጄን አነሣሁ።

«ሥጋው የእኔ ሐሳብ ነው። እሳቸው የቀቡት እኔ ያልኳቸውን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማስረጃ አለሽ?»

ማስረጃ አልነበረኝም። ጓዱ ቅጼን አገላብጦ «ያን ዕለት የሠራሽው ሰባት ኪሎ ሜትር ከግማሽ ነው የሚለው» አለ። ሲናገር ግራ እንደገባው ያስታውቃል። አንዱ ሽማግሌውን ለማዳን ነው አለ። የሠራሁትን ጥሩ ነገር ማስመዝገብ ሳልችል ኖሬ አሁን ደግሞ ያጠፋሁትንም ማስመዝገብ አቃተኝ። ሠዓሊውን እውነት ነግራዎታለች ወይ ብለው ጠየቋቸው። «ሥዕሉ የእኔ ነው» አሉ በድጋሚ።

ያኔ ቁጣዬ መጣ፣ ቁጣዬም ጠቀመኝ። ቆምኩና ሥራዬን እዚያው ፊታቸው ሠራሁት። ቲማቲም በሁዳዴ ማን እንደሚገዛ ነገርኳቸው። ዘይትና ሽንኩርት ያላት፣ ቅቤ የማትነካ፣ በቀን አንዴ ወጥ የምትሠራ ሴት ናት። በጾሙ መጨረሻ አትክልት ተራ ያለው ቲማቲም እንደሚወደድና ያን ጊዜ ቆርቆሮው ተራው እንደሚደርስ አስረዳሁ። አንዴ የተከፈተ ቆርቆሮ በማግስቱ ስለሚበላሽ ለትልቅ ቤተሰብ እንጂ ለሁለት ሰው እንደማይሆን ተናገርኩ። ሥዕሉ ሽሮና ምስር ያለበት ትሪ መሆን ነበረበት፤ ቃሉም «የጾም ነው» የሚል፣ ሁለት ቃል ብቻ። በመንግሥት ሰሌዳ ላይ እንደዚያ አይጻፍም ካላችሁ ትሪው ብቻውን ይናገር ነበር አልኩ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞር ብዬ አየሁና «እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ባለፉት ሁለት ወራት ጨጓራ ያልያዘው ማን ነው?» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ጓዱ መጻፉን አቁሞ ነበር። «ይህን ሁሉ ለማሰብ ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር?» አለኝ።

«ሁለት ጠዋት። አትክልት ተራ ብቀመጥ።»

«ለምን አልተቀመጥሽም?»

«ኖርሜ ሰባት ኪሎ ሜትር ነበር» አልኩት።

ጓዱ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቅጹን ረጅም ጊዜ አየው። ሰውየው ቀና ነበር ብያለሁ፤ ቀና ሰው ሲሳሳት ፊቱ ላይ ይታያል። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ፣ ሰው ያላሰበው ነገር ላይ እንዲህ ሊናዘዝ አይችልም፣ ጥፋቱ የዕቅድ ክፍሉ ነው፣ ሠዓሊው የታዘዙትን ፈጽመዋል አለ። ሥራ አስኪያጁም ነገሩ እንዲያልቅ ቸኩለው ነበርና ተስማሙ። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ስሜ ከማስታወቂያ ሰሌዳው በዚያው ከሰዓት ተነሣ። ኪሎ ሜትሩ ተሰረዘና በቦታው «መለኪያው በኮሚቴ የሚወሰን» ተብሎ ተጻፈ። ኮሚቴው እኔ ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ ተሰብስቦ አያውቅም።

ስብሰባው ሲያበቃ ደረጃው ላይ ሠዓሊውን ደረስኩባቸው። እንደሚያመሰግኑኝ ገምቼ ነበር፤ እንዲያውም ምንም አይደል የምልበትን ቃል አዘጋጅቻለሁ። እሳቸው መደገፊያውን ይዘው ቆሙና ዞረው አዩኝ።

«ጓለይ፣ ጠይቄሽ ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«መቼ ነው የሚሰቀለው አልኩሽ። ሥጋው አልኩሽ። ሰምተሽኛል።»

«ሰምቻለሁ። ረፍዶብኝ ነበር፣ ኖርሙ…»

«ኖርሙን ተይው። እሱ መጥቶ ገና ዓመት አልሞላውም» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምታስቢው?»

ይህን ብለው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። እኔ እዚያው ቀረሁ። አራት ዓመት አብረን ስንሠራ እዚያ ጣሳ ላይ ተቀምጬ ስንቱን ነግሬያቸዋለሁ፤ እርስዎስ ምን ይላሉ ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።